ጥቁሩ ገጽ የመለሰልን ቅኔ

ነፋስ መውጫ ውስጥ አንዲት ትንሽ የሕዝብ ንባብ ቤት ነበረች። ጉልበቴ ለሞፈር አልታዘዝ ባለኝ ጊዜ በሬዎቼን ለልጆቼ ሰጥቼ የዚያች ቤት ጥበቃ ሆንሁ። ጥዋት በር እከፍታለሁ፤ ወደ ማታ እዘጋለሁ፤ በመሃል አቧራ አራግፋለሁ። በዚያ ከተማ አቧራ አራግፎ የጨረሰ ሰው የለም። ነፋሱ ያመጣዋል፣ እኔ አወጣዋለሁ፣ ነፋሱ መልሶ ያመጣዋል፤ እንዲሁ ስንገፋፋ እንውላለን።

ትምህርቴ ጥቂት ነው። ዳዊት ደግሜ ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር። አንድ ክረምት ተቀምጬ ጉባኤ ቃና የሚባለውን የመጀመሪያውን የቅኔ ዓይነት ስጀምር አባቴ ሞተ፤ እኔም ወደ እርሻው ተመለስሁ። ያስጀመሩኝ የኔታ ግን ዕድሜ ሰጥቷቸው፣ የእሳቸው ጢም ነጥቶ የእኔም አብሮ ሸብቶ፣ በዚያች ንባብ ቤት እንደገና ተገናኘን። እዚያው አገራችን ባለችው ቤተ ልሔም ደብር አካባቢ ዘመናቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ልጃቸው ወደ ከተማ አምጥታቸው ነበር። የመጀመሪያ ቀን ደጃፉ ላይ “እንደምን አደሩ” ስላቸው ድምፄን ሰምተው ዘንጋቸውን ተከሉና፣

“አንተ! ከጉባኤ ቃና ሸሽተህ የጠፋኸው አይደለህም?” አሉኝ።

“እኔው ነኝ የኔታ።”

“አርባ ዓመት ስፈልግህ በር ላይ ቆመህ ኖሯል!”

እሳቸው ሳቁ። እኔ አፈርሁ። ሽማግሌ ሆኖ እንደ ተማሪ ማፈር ደግሞ ደስ ይላል፤ ያልደረሰበት አያውቀውም።

የኔታ ወደ ንባብ ቤቱ የሚመጡት ለንባብ አልነበረም። ቅኔ፣ የማያውቅ ካለ፣ አንድ ጊዜ የሚባል ነገር ነው። ባለቅኔው በበዓሉ ቀን ቆሞ ይቀኛል፤ ሰሚው “ይበል” ይላል፤ በቃ፤ ለሚቀጥለው በዓል ሌላ አዲስ ይፈለጋል። የትናንቱን የሚይዝ ቢኖር ያንድ ሰው ልብ ነው። የኔታ የመምህራቸውን ቅኔ በልባቸው ይዘው ኖረዋል። መምህራቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ አብረዋቸው የሰሙትም አንድ ባንድ አልቀዋል። “እኔ ስሄድ ይሄዳሉ” ይሉ ነበር፤ ሲሉት ድምፃቸው ይቀንሳል።

ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ እየመጡ ያስጽፉ ነበር። የምትጽፈው የንባብ ቤቱ ኃላፊ ናት፤ ረጋ ያለች ሴት፣ ጣቷ ግን ፈጣን። ግዕዝ አታውቅም። የሚሏትን ፊደል በፊደል እየሰማች በኮምፒውተሩ ትጽፋለች፤ እሳቸው አንዷን ቃል ደግማ እንድታነብላቸው ያደርጋሉ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ኮምፒውተሮቹ በስጦታ የመጡ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ብዙም አልቆዩ፤ አንዱ ብቻ ቀርቷል። ማተሚያው ቀለም አግኝቶ አያውቅም። እኔ እየጠረግሁ አዳምጣለሁ። ቅኔው አብዛኛው አይገባኝም፤ ድምፃቸው ግን ይገባኛል። እንዲህ እያሉ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም።

አሁን የኔን ነገር ልናገር።

የዚያ አገር ክረምት መብረቁ ክፉ ነው። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ሰው ሁሉ ሮጦ የቴሌቪዥኑን ገመድ ከግድግዳ ይነቅላል፤ ሬዲዮውንም እንደዚያው። ኃላፊዋ በሦስተኛው ዓመት ክረምት አራስ ነበረችና ቀደም ብላ ወደ ልጇ ትሄዳለች። ስትወጣ “ጋሼ፣ አጥፉልኝ” ትለኛለች። እኔም አጠፋለሁ። ፊደሎቹን መንካት ድፍረት መስሎ ይሰማኝ ነበር፤ ያልተማርሁትን አልነካም። የማውቀውን አደርጋለሁ፤ ገመዱን ከግድግዳው እነቅላለሁ፣ ከዚያ አሮጌ ጋቢዬን አለብሰዋለሁ። ክረምቱን በሙሉ እንዲህ አደረግሁ። እንዲያውም በልቤ፣ የየኔታን ቅኔ ከመብረቅ እያዳንሁ ነው እያልሁ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያው ክረምት የኔታ ታመሙ። ድንገት ወደቁ፤ አፋቸው ተያዘ። ከፍልሰታ በኋላ ተነሡ፤ ንግግራቸውም ተመለሰ። በልባቸው ይዘውት የኖሩት ግን አልተመለሰም። አንዱን ቅኔ ጀምረው ሁለተኛው ቤት ላይ ይቆማሉ፤ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ያወርዳሉ። አንድ ቀን እንዲህ ሲሆኑ፣

“ግድ የለም፤ እዚያ ውስጥ አሉ” አሉና ወደ ኮምፒውተሩ በአገጫቸው ጠቆሙ።

መስቀል እንዳለፈ፣ በአንድ ጥዋት፣ ኃላፊዋ አብርታው ጮኸች። እኔ እሳት መስሎኝ መጥረጊያዬን ጥዬ ገባሁ። የለመድነው ሰማያዊ ሥዕል የለም። ገጹ ጥቁር ነው፤ በጥቁሩ ላይ ነጫጭ የፈረንጅ ፊደል ተሰድሮ፣ ከሥር አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። አጥፍታ አበራችው፤ ያው ነው። ሦስት ጊዜ፤ ያው ነው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

“ሌላ ቦታ የለሽም?” አልኋት።

“የት ይኖረኛል ጋሼ? ፍላሹ በመጀመሪያው ዓመት ጠፋ። ዛሬ ነገ ስል... እሳቸውስ አሁን ደግመው አያስጽፉኝም። ከየት ያመጡታል?”

ለየኔታ አልነገርናቸውም። “መብራት የለም” አልናቸው። ይህንንም እኔ ነኝ ያልሁት።

በሦስተኛው ቀን ከደብረ ታቦር በሚኒባስ አንዲት ባለሙያ መጣች። ወጣት ናት፤ ጀርባዋ ላይ ቦርሳ፣ እግሯ ላይ የጭቃ ጫማ። ገና ሳትቀመጥ ጠየቀች።

“ማታ ማታ ማን ነው የሚያጠፋው?”

“እኔ ነኝ ልጄ።”

“እንዴት አድርገው ነው የሚያጠፉት አባባ?”

ገመዱን አሳየኋት። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ “ስንት ጊዜ?” አለች።

“ክረምቱን ሙሉ።”

ኃላፊዋ “ጋሼ!” አለች። ያችን አንዲት ቃል እስከዛሬ እሰማታለሁ።

ባለሙያዋ አልተቆጣችኝም። ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ኮምፒውተሩ ሲሠራ በእጁ የያዘው ነገር አለ፤ ጥፋ ሲባል ሁሉን በየቦታው አስቀምጦ፣ መዝገቡን ዘግቶ ነው የሚተኛው። “እርስዎ ነዶ ተሸክሞ ወደ ክምሩ ሲሄድ ጠልፈው ጣሉት” አለችኝ። የገበሬ ልጅ ናት ማለት ነው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ገብቶኝም ወንበሩ አልበቃኝ አለ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት ብዬ እንደምናገር አላውቅም፤ እንዳየሁት ልናገር።

የራሷን ፍላሽ ሰካችና በእሱ በኩል ኮምፒውተሩን ቀሰቀሰችው። ማውሱን ገፋ አድርጋ ተወችው። እንደገና ጥቁር ገጽ ከፈተች፤ አሁን ግን ሆን ብላ።

“ሥዕሉስ?” አልኋት።

“ሥዕሉ ለእንግዳ ነው አባባ። ቤተኛ በጓሮ በር ይገባል።”

ኤልና ኤስ የሚባሉ ሁለት ፊደላት ጻፈችና ትልቋን ቁልፍ መታች። እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ስም በስም ተሰልፎ ወጣ። ደግሞ ሲና ዲ ጻፈች፤ ሌላ ክፍል ገባን አለችኝ። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ከዚያ ውስጥ ሌላ። እኔ ከውጭ ሳየው አንድ ሣጥን የነበረው ነገር ክፍል በክፍል፣ ጓዳ በጓዳ ሆነ።

“አሁን የት ነን?” አልሁ፤ ራሴ ዞሮብኝ።

“ቆይ ልጠይቀው” ብላ ሦስት ፊደል ጻፈች። ያለንበትን ቦታ ከደጁ ጀምሮ እስከ ጓዳው ቆጥሮ ነገራት። እሷም እንደኔ ልትጠፋ ትችላለች ማለት ነው፤ ግን መጠየቅ አታፍርም። ይህ በጣም ገረመኝ።

መጀመሪያ፣ አለች፣ የታመመውን አንነካም፤ ሙሉውን ይዤ በመጣሁት ባዶ ዲስክ ላይ እንቀዳና ቅጂውን ነው የምናክመው። አንድ መስመር የሚሆን ትእዛዝ ጻፈች። ትልቋን ቁልፍ ግን አልመታችም። ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው።

“ምን ትጠብቂያለሽ ልጄ?”

“ይቺና ይቺ፣” አለች ሁለት ቦታ እየነካች፣ “ምንጩና መድረሻው ናቸው። የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ከተሳሳትሁ ባዶውን በሙሉው ላይ እቀዳዋለሁ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ አይጠይቀኝም። ተመለስ ብለውም አይመለስም።”

ሦስተኛ አነበበችው። መታች። እኔ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ያቺ ሰረዝ እንኳ ከመስመሯ አልተንቀሳቀሰችም።

“ምን አለሽ?”

“ምንም።”

“እንዴት ምንም?”

“ደህና ሲሆን ዝም ይላል አባባ። የሚናገረው ሲከፋው ነው።”

እንዲህ ያለ አባት ነበረኝ። አርሼ ስመለስ ትልሙን አይቶ ዝም ካለ ያን ቀን ራቴን በደስታ እበላ ነበር። ስለዚህ ዝምታውን ለመጠበቅ አልተቸገርሁም። የገብስ ቆሎ አቀረብሁላቸውና ሦስታችንም ጥቁሩን ገጽ እያየን ቆረጠምን። ቀትር አልፎ አንድ መስመር ብቅ አለ። ተቀድቷል አለች።

ቀጥሎ ቅጂውን መረመረችው። አሁን ዝም አላለም፤ ክፉኛ ተናገረ። የተበጠሰ ነገር ባገኘ ቁጥር ይቆማል፤ “ልቀጥለው?” ብሎ ይጠይቃል፤ እሷ አንዲት ፊደል መትታ እሺ ትለዋለች። እንደገና ይቆማል፤ እሺ። ስንት እሺ እንደተባለ አልቆጠርሁም። እያንዳንዷ እኔ የነቀልሁት አንድ ገመድ ናት።

“ተገኘ?” አለች ኃላፊዋ።

“የተገኘ ብዙ ነገር አለ። ስም ግን የለውም።”

እኛ አገር ባለቤቱ ያልታወቀ ከብት ሲገኝ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ይለፈፋል። ለካ ያም መሣሪያ እንዲህ ያለ ደጅ አለው። ወዴት እንደሚገባ ያላወቀውን ነገር አይጥለውም፤ ጠፍተው ለተገኙ ባዘጋጀው ክፍል ያኖረዋል፤ ስሙ ስለጠፋበት ቁጥር ይሰጠዋል። ባለሙያዋ ያን ክፍል ስትከፍተው ቁጥር ብቻ፣ ቁጥር፣ ቁጥር፣ ከታች ወደ ላይ ይፈስስ ጀመር። የንባብ ቤቱ ደብዳቤ፣ የሰው ማመልከቻ፣ የኮምፒውተሩ የራሱ እቃ፣ ቅኔው፣ ሁሉም ተቀላቅሎ። እንደ ጎርፍ ፈስሶ ቆመ።

“ይህን አንድ ባንድ ከፍተን አንዘልቀውም” አለች። “በቅኔዎቹ ውስጥ የሚገኝ ቃል ንገሩኝ። እሱ ሁሉንም ገልጦ ያነብልናል።”

ኃላፊዋ፣ “እኔ ፊደሉን ነው የምጽፈው። ትርጉሙን አላውቅ... አንድም አልያዝሁ!” ብላ ልታለቅስ ሆነ።

እኔ ቆሜ ነበር። የማያውቅ ሰው መናገሩ ድፍረት ነው ብዬ ጥቂት ዘገየሁ። ከዚያ፣

“ብዕራይ” አልሁ።

“ምን ማለት ነው?”

“በሬ ነው፣ በግዕዝ። በአውድማ ላይ እህል ስለሚያበራይ በሬ የተቀኙት ነበር። እሱን ሲያስጽፉ እየጠረግሁ ነበር፤ በሬ ሲሉ እጄ ቆመብኝ። ለዚህ ነው ያስታወስሁት።”

ትእዛዟን ጻፈች፤ ብዕራይን ጨመረችበት፤ አነበበችው፤ መታችው። ምራቄን ሳልውጥ አራት መስመር ወጣ። ከእያንዳንዱ ፊት የማይረባ ቁጥር፤ ከቁጥሩ ኋላ ግን በጥርት ያለ ፊደል፣ ብዕራይ፣ ብዕራይ፣ ብዕራይ፣ ብዕራይ።

እግዜር ያሳያችሁ። አንድ ሊቅ ያን ሁሉ ክምር ገልጦ አንዲት ቃል ያለችበትን ብቻ ለይ ቢባል ስንት ክረምት ይቀመጥ ነበር? ያ ጥቁር ገጽ ሁሉን አንብቦ፣ ያልተጠየቀውን ሁሉ ለራሱ ይዞ፣ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ። አማተብሁ።

“ሌላስ አባባ?” አለች፤ እሷም ዓይኗ በርቷል።

እኔ ምን ግዕዝ አለኝ? የገበሬ ግዕዝ ነው ያለኝ። ከዚያች አንድ ክረምት የቀሩኝ ከሞፈር ጋር አብረው የዋሉት ቃላት ናቸው። ዝናም አልኋት፤ መጡ። ዘርእ አልኋት፤ መጡ። ገራህት፤ ይኸ እርሻ ነው፤ መጡ። ማእረር፤ የአጨዳው ወራት፤ መጡ። የየኔታ መምህር ለካ የገበሬ ልጅ ኖረዋል፤ ከሰማይ ነገር እኩል የመሬቱን ነገር ተቀኝተዋል። ኃላፊዋ እየከፈተች “ይኼ ነው! ይኼንን አስታውሰዋለሁ!” እያለች ትጮኻለች፤ ባለሙያዋ ቁጥሩን እያነሣች ስም ትሰጠዋለች። ዐሥራ አንደኛው ሰዓት ላይ ቃሌ አለቀ። ግማሹም አልተገኘም ነበር።

“የቀሩት ከኔ በላይ ናቸው” አልሁ። “እሳቸውን ማምጣት ነው።”

“የጠየቁንስ እንደሆነ?” አለች ኃላፊዋ።

“እኔ እነግራቸዋለሁ።”

ባለሙያዋ ወደ ማደሪያዋ ከመሄዷ በፊት ወንበሩን ወደኔ አዞረችው። “ዛሬ እርስዎ ያጥፉ” አለች። ፊደሎቹን አንድ ባንድ አሳየችኝ፤ በአንድ ጣት፣ እንደ ዶሮ እየለቀምሁ፣ አንድ ሙሉ ትእዛዝ ጻፍሁ። እሷ እንዳደረገችው ጣቴን አስኬጄ ደግሜ አነበብሁት። ትልቋን ቁልፍ መታሁ። የያዘውን ሁሉ አስቀመጠ፤ መስመር በመስመር “ይህን ዘጋሁ፣ ይህን ዘጋሁ” እያለ ነገረኝ፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ ጠፋ። የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው ነበርሁ። ያን ያህል ታዛዥ ነገር አዝዤ አላውቅም፤ በሬም አይታዘዝ እንዲህ።

በማግሥቱ ጥዋት የኔታን በእጃቸው ይዤ አመጣሁ። ደጃፉ ላይ ስንደርስ አላስቻለኝም።

“የኔታ፣ መብራት የለም ያልሁዎ ውሸት ነው። ቅኔው ጠፍቶ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ገመዱን እየነቀልሁ።”

ቆሙ። “ለምን ነቀልኸው?”

“መብረቅ ፈርቼ። ቅኔውን እንዳይመታብዎ።”

ነፋሱ ኩታቸውን ያራግበዋል።

“እንግዲያ ስትጠብቅ ነው ያጠፋኸው።”

“አዎ የኔታ።”

“እኔም ሃምሳ ዓመት በልቤ ስጠብቅ ነው ያጠፋሁት። በል አስገባኝ።”

ወንበር ሰጠናቸው። ባለሙያዋ ምን እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ቅኔውን አያስታውሱም፤ ቃላቱን ግን አልረሱም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዘንጋቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው፣ አንድ ቃል ይላሉ፤ ኮከብ፤ ትጽፋለች፤ “ሰባት መጥተዋል የኔታ” ትላቸዋለች። ባሕር። “ሦስት።” ሕሊና። “አንድ።” አንዳንዴ ቃል ይሉና “ምንም የለም” ስትላቸው “የለም? እንግዲያ እሱን መምህሬ አልወደዱትም ነበር” ብለው ይስቃሉ።

“ልጄ፣ ይኼ የምታዝዥው ሊቅ ግዕዝ ያውቃል?” አሏት።

“አያውቅም የኔታ። ቅርጹን ብቻ ነው የሚያየው።”

“እንደዚህ ሰውዬ ነዋ” አሉ ወደኔ እየጠቆሙ። ኃላፊዋ ሳቀች። ያን “ጋሼ!” ካለችኝ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ቀትር ሳይሆን ቃሉም አለቀ፣ መምጣቱም ቆመ። ኃላፊዋ የቅኔውን ቁጥር ታውቅ ነበር፤ መቶ ሰባት ነበሩ። መቶ ሦስት ተገኙ። ከነዚህ አንዱ እኩሌታው የለም፤ ከመሃል ተቆርጧል። አራቱ አልተገኙም። የትኞቹ እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው ዛሬ የለም፤ እኔም እስክሞት አላውቅም። ባለሙያዋ የተገኙትን በሦስት ቦታ አስቀመጠች፤ ማንም አንብቦ እንጂ ነክቶ እንዳይለውጣቸው የሚያደርግ ትእዛዝም ጻፈችባቸው።

“አሁን ሁሉንም በተርታ እንዲያወጣቸው ላድርግ?” አለች። “ሙሉ መሆናቸውን እንይ።”

መታች። መቶ ሦስቱ ቅኔ በጥቁሩ ገጽ ላይ ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ፍጥነታቸው ለማንበብ አይመችም። የኔታ ዓይናቸው ደክሟልና ፊደሉን አይለዩም፤ የሚያዩት ጥቁር ላይ የሚወጣ ነጭ ብቻ ነው።

“ምንድን ነው የሚያልፈው?” አሉ።

“እነሱ ናቸው የኔታ” አለች ኃላፊዋ። “የመምህርዎ ቅኔዎች።”

ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ማንም አልረዳቸውም፤ እንርዳዎም አላልን። እኛም ሦስታችን ተነሣን። እያለፉ ቆመን አየናቸው። ከዚያ ገጹ ቆመ።

“አለፉ?”

“አለፉ የኔታ። ሁሉም።”

“እንግዲህ እንቀመጥ” አሉ። ለኃላፊዋም፣ “አንቺ፣ የመጀመሪያውን አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ” አሏት።

ባለሙያዋ የኮምፒውተሩን ወንበር ለቀቀችላት።